የእህቴ ደብተርና አራቱ ፊደላት፦ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች

ሰላም የቃላት ወዳጆች። ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ቃል አይደለም፣ አንድ የፊደል ጅራት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚመጡባቸው ቃላት። ትርጉማቸውን፣ አነባበባቸውንና አብረዋቸው የሚሄዱትን አባባሎች የቻልኩትን ያህል ላፍታታ።

ነገሩን የጀመረችው ታላቅ እህቴ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ገና ሦስት ወሯ ነው። ማታ ከሥራ ስትወጣ የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ መሃል ላይ አነባበቡ በኛ ፊደል፣ በቀኝ ትርጉሙ። ባለፈው ሳምንት የላከችው ገጽ ላይ «ዳፍ — ሊጥ» የሚል አለ። «ዳፍ» የሚለው ተሰርዞ ከላዩ «ዶው» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «ኢናፍ — የሚበቃ»። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ትላለች፦ «ሁለቱም የሚያልቁት በነዚሁ አራት ፊደሎች ነው። ታዲያ ለምንድን ነው አንዱ ዶው፣ አንዱ ናፍ የሚለው?»

የሆነው ይኸ ነው። አለቃዋ ከጓዳ ሆኖ ሊጡ ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ቃሉን የምታውቀው በዓይኗ ነበር፣ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። በልቧ «ዳፍ» ብላ ነው የያዘችው። «ዶው» ሲላት በር ያለ መሰላትና ሄዳ በሩን ከፈተችለት። ሰውየው በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ሊጡን ራሱ አምጥቶ አሳያት። ማታ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ድካም ነበር። ቃሉን እኮ ታውቀዋለች። አጥንታዋለች። አጻጻፉ ነው የከዳት።

ስለዚህ መልሱን ከሩቅ ልጀምርላት አልኩ።

ጂ እና ኤች ተያይዘው ሲመጡ ድሮ የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ከጉሮሮ የሚወጣ ኽ። ትግርኛ ተናጋሪ «ይኣኽል» ሲል የምትሰሙት፣ ዓረብ አገር የኖራችሁ ደግሞ «ኻሊድ» የሚለው ስም ላይ የለመዳችሁት ድምፅ ማለት ነው። ዛሬ «ሶት» የሚሉትን ቃል፣ ማለትም «ሐሳብ»ን፣ የጥንቶቹ እንግሊዞች «ሶኽት» ነበር የሚሉት። ጀርመኖች እስከዛሬ «አመጣ» ለማለት «ብራኽተ»፣ «አሰበ» ለማለት «ዳኽተ» ይላሉ። የእንግሊዝኛው «ብሮት» እና «ሶት» የነዚህ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፣ ጉሮሯቸው ብቻ ነው የተዘጋው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ጸሐፊዎቹ ያንን ኽ በጂ እና በኤች መጻፍ ያዙ። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ተከለ። ከዚያ በኋላ የመጻሕፍቱ አጻጻፍ እየረጋ መጣ። የሰዉ አፍ ግን አልረጋም። አናባቢዎቹ ቦታ ቦታቸውን ለቀቁ፣ ኽ ደግሞ ከአብዛኛው የእንግሊዝ ምድር ቀስ በቀስ ጠፋ። ሲጠፋም በአንድ መንገድ አልጠፋም። አንዳንዱ ቃል ላይ ድምጥማጡ ጠፋ። አንዳንዱ ላይ ወደ ፍ ተለወጠ፣ ከፊቱ የነበረው አናባቢ ከንፈር አሞጥሙጦ የሚነገር ስለነበረ ድምፁ ከጉሮሮ ተነሥቶ ከንፈር ላይ አረፈ። የእህቴ «ዶው» እና «ኢናፍ» የተለያዩት እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ይኼ ለኛ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ ብለን ሦስት «ሀ» ስንቆጥር ያደግን ሰዎች ነን። በግዕዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ ብዙኀኑ ኀ ደግሞ ያ የጉሮሮ ኽ ነበር። በአማርኛ ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ። ሰዎች «ለምን ሦስት?» ብለው ሲማረሩ እሰማለሁ፣ ይገባኛልም። ግን በግዕዝ «መሀረ» አስተማረ ነው፣ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ሌባው ነው፣ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ግን ፀሐይዋ ናት፣ ወጣች ማለት ነው። ፊደሉ ጆሮ የረሳውን ይዞ ቆይቷል። የእንግሊዝኛው ጂ-ኤችም እንዲያው ነው። እኔ እንደዚህ ካሰብኩት ወዲህ አልተናደድኩበትም።

እንግዲህ ወደ ቃላቱ።

መጀመሪያ ፍ የሆኑት፣ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ። ኢናፍ፣ ታፍ፣ ራፍ፣ ኮፍ፣ ትሮፍ። በዕለት ተዕለት ንግግር የሚያጋጥሟችሁ እነዚህ ናቸው፣ አምስቱን ከያዛችሁ በቂ ነው።

«ኢናፍ» በቃ፣ የሚበቃ ነው። «ፌር ኢናፍ» ሲሏችሁ ግን «በቂ ፍትሕ» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። «ይሁና፣ አባባልህ ያስኬዳል» ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ባይስማማም። «ሹር ኢናፍ» ደግሞ «እንደተባለውም» ወይም «እንደፈራሁትም» ነው፦ ይዘንባል ብዬ ነበር፣ እንዳልኩትም ዘነበ። «ኢናፍ ኢዝ ኢናፍ» ሲሉ ቁጣ አለበት፤ የኛ «አሁንስ በዛ!» ነው።

«ታፍ» ጠንካራ ነው፣ ግን የትኛው ጠንካራ? ሥጋ ላይ ሲሆን አልላመጥ ያለ ነው። ጥያቄ ላይ ከባድ፣ ሰው ላይ ደግሞ በቀላሉ የማይበገር። «ታፍ ላክ» የሚለውን ተጠንቀቁ። በቃሉ «ክፉ ዕድል» ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሳያዝኑ ነው፣ «ምን ላድርግልህ ታዲያ» እንደማለት። ሐዘን ቤት ሄዳችሁ እንዳትናገሩት።

«ራፍ» ሻካራ ነው። ከዚያ ወደ «በግምት» ይሄዳል፣ «ራፍ» ስሌት ማለት ሳይጣራ በጥቅሉ የተሰላ ነው። ከዚያ ወደ ክፉ ቀን ይሄዳል፣ «ራፍ ናይት» ሲል ሌሊቱ ከብዶት አድሯል። እንግሊዝ አገር «ስሊፕ ራፍ» ካሉ ጎዳና ላይ ማደር ነው። «በረንዳ አዳሪ» የሚለው ቃላችን ቁልጭ አድርጎ ይተረጉመዋል።

«ኮፍ» ሳል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ «ካፍ» ያደላል። «ኮፍ አፕ» የሚለውን ግን በጣም ነው የምወደው። ሰው ሳይወድ በግዱ ገንዘብ ሲያወጣ ነው የሚባለው። በአማርኛ «የበላኸውን ትፋ» እንላለን አይደል? ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሥዕል ነው የሳሉት፣ ገንዘብ ከጉሮሮ ሲወጣ። የኛው ግን ይከብዳል፣ ሌብነት ሸተት ይላል። የእንግሊዝኛው የእራት ሒሳብ ላይም ይውላል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ «ተፋ» ብላችሁ አትተርጉሙት። አንዳንዴ «እያመመው ከፈለ» ይሻላል።

«ትሮፍ» ገንዳ ነው፣ ከብት የሚበላበት ወይም የሚጠጣበት። በግራፍ ላይ ደግሞ መስመሩ ወርዶ ወርዶ የሚያርፍበት ጎድጓዳው ቦታ። ሹማምንት አፍንጫቸውን ትሮፉ ውስጥ ከተው ይበላሉ የሚል አነጋገር አለ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለሚበሉ። ስተረጉም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይመጣብኛል፣ ግን ተረቱ የሚናገረው ከበላተኛው ወገን ሆኖ ነው። እንግሊዝኛው ከተበላበት ወገን ሆኖ ነው የሚናገረው። ይቺን ልዩነት የሚጠብቅ ትርጉም ያስፈልጋል።

አሁን ድምፁ ጭርሱን ወደጠፋባቸው።

«ዶው»፣ የእህቴ ቃል። ሊጥ። በአራዳ ቋንቋ ገንዘብም ነው። ዶናት የምንለው ጣፋጭም ከዚሁ ነው፣ ረጅሙ አጻጻፍ አራቱንም ፊደላት ይዟል፣ አሜሪካኖቹ ግን ብዙ ጊዜ አሳጥረው ይጽፉታል። ለእህቴ የነገርኳት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። «ሌዲ» የሚለው ቃል፣ እመቤት የምንለው፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ዳቦ ነው፣ ሁለተኛው የዚህ የዶው ዘመድ። ዳቦ አቡኪ ማለት ነው። «ሎርድ» ደግሞ ዳቦ ጠባቂ ነበር። ይህን ስጽፍላት ወዲያው ደወለች። «እና እኔ ነኛ ሌዲዋ!» አለችኝ። አዎ እታለም፣ በቃሉ ሥር ከሄድን አንቺ ነሽ።

«ዞው» በግርድፉ «ቢሆንም» ነው። ምላስ በጥርስ መሃል ገባ ብላ ነው የምትነገረው፣ በኛ ፊደል ከዚህ በላይ ማስጠጋት አይቻልም። መዝገበ ቃላት «ምንም እንኳ» ብቻ ብሎ ያልፋል፣ ያ ግን ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ነው። ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ ሲመጣስ? ምግቡ ጥሩ ነው፣ ዞው። ከተማ ውስጥ «ጥሩ ነው ግን» ብለን ዝም እንደምንለው ማለት ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠል «ግን» ትክክለኛ ትርጉሙ ናት። «አዝ ዞው» ከሆነ ደግሞ «ይመስል» ነው፦ ቤቱ የሱ ይመስል ዘው ብሎ ገባ።

«ስሩ» እና «ሰሮው» ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ስሩ» በውስጡ አልፎ ነው፣ በመስኮት፣ በበር፣ በመከራ። «ሰሮው» አንድም ሳያስቀር፣ ከሥር ከመሠረቱ ነው፣ እንግሊዞቹ «ሰራ» ይሉታል። በጽሑፍ የሚለያቸው አንዲት ኦ ናት። የሚገርመው ድሮ አንድ ቃል ነበሩ። ረገጥ ተደርጎ ሲነገር አንዱ ወጣ፣ ለቀቅ ተደርጎ ሲነገር ሌላው ወጣ። ትርጉሙም እኮ ሩቅ አይደለም፣ አንድን ነገር ከዳር እስከ ዳር ካለፍክበት ሳታስቀር አየኸው ማለት ነው።

«ስሩ» ውቅያኖስ ሲሻገር ትርጉሙ ይቀየራል፣ ይቺን ያዙልኝ። እንግሊዝ አገር ስልክ ላይ «ዩ አር ስሩ» ካሏችሁ መስመሩ ገብቶላችኋል፣ ተናገሩ። አሜሪካ ውስጥ «አር ዩ ስሩ» ካሏችሁ ጨረሳችሁ ወይ ማለት ነው። አንዱ ጀምር፣ አንዱ አብቃ። «አይ አም ስሩ ዊዝ ዩ» ደግሞ «ካንተ ጋር አብቅቶልናል» ነው። አሜሪካ ቀጠሮ ላይ «ከሰኞ ስሩ ዓርብ» የሚል ካያችሁ ዓርብም ውስጥ አለ፣ ዓርብ ዝግ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ። «ፑል ስሩ» ከከባድ ሕመም መትረፍ ነው። «ፎሎው ስሩ» የጀመሩትን ከዳር ማድረስ።

«ፕላው» እና «ባው» የሚነገሩት «አው» እያሉ ነው። «ባው» ትልቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ግን በፍጹም ባው አይባልም። እሱን በዚህ እንለፈው።

«ፕላው» ግን ቆም ያሰኛል። አሜሪካኖቹ ዩ-ጂ-ኤቹን አውጥተው በደብልዩ ይጽፉታል። ትርጉሙ ማረሻ ነው እንላለን፣ ነው ወይ? ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ጠይቁ። ማረሻ ብረቱ ነው። ሞፈሩ ሌላ፣ ድግሩ ሌላ፣ እርፉ ሌላ፣ ቀንበሩ ሌላ። እንግሊዝኛው ሙሉውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይጠራዋል። ሉቃስ 9፥62 ላይ በእንግሊዝኛው እጁን በፕላው ላይ ያደረገ ሰው አለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እርፍ በእጁ ይዞ» ነው የሚለው። ማረሻ አላለም፣ ማረሻውማ አፈር ውስጥ ነው ያለው። እጅ የሚይዘው እርፉን ነው። የተረጎመው ሰው ሲታረስ ያየ ሰው ነው። ይቺን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ መጨረሻቸው ላይ ቲ የሚጨመርባቸው። ቦት ገዛ፣ ብሮት አመጣ፣ ሶት አሰበ፣ ፎት ተዋጋ፣ ሶት ፈለገ። ሁለት ጊዜ «ሶት» ጻፍኩ፣ አልተሳሳትኩም። «አሰበ» የሚለው ምላስ በጥርስ መሃል ነው፣ «ፈለገ» የሚለው ተራው ስ ነው። በኛ ፊደል አንድ ይሆናሉ። እህቴ የመጀመሪያው ላይ ከጎኑ ትንሽ ምላስ ሥላበታለች፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ቦት እና ብሮት ለሚምታታባችሁ፦ «ብሪንግ» ውስጥ አር አለች፣ ስለዚህ «ብሮት» ውስጥም አር አለች። «ባይ» ውስጥ የለችም፣ «ቦት» ውስጥም የለችም። አንዴ ከያዛችሁት አይለቃችሁም። «ሮት» የሚባል አሮጌ ቃልም አለ፣ «ሠራ» የሚለው ግስ የጥንት ያለፈ ጊዜው። ዛሬ ከብረት ጋር ቀርቷል፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ የአጥርና የበረንዳ ብረት በሱ ይጠራል።

ከዚህ ቤተሰብ አንዱ ግን ያፈነገጠ ነው። «ድራውት»፣ ድርቅ። አጻጻፉን ያየ ሰው «ድሮት» ቢል አይፈረድበትም፣ እኔም አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ብዬ ማንም ሳያርመኝ ገጽ ሙሉ አንብቤያለሁ። ቃሉ የተወለደው «ድራይ» ከሚለው፣ ከደረቅ ነው። አማርኛም እንዲሁ ነው ያደረገው፣ ደረቀ ብሎ ድርቅ። ድ እና ር መግጠማቸው የአጋጣሚ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

ብቸኞቹ ቀሩ። «ሂካፕ» ስቅታ ነው። በዚህ አራት ፊደል የሚጽፉትም አሉ፣ ሳል የሚለው ቃል ያለበት መስሏቸው ከጊዜ በኋላ ያመጡት አጻጻፍ ነው። አነባበቡ አልተቀየረም፣ አሁንም «ካፕ» ነው። ስለዚህ በፒ የሚያልቀውን ጻፉ፣ ይበቃል።

ኤስ፣ ኤል ከነአራቱ ፊደላት ሆኖ የሚጻፈው ቃል ሦስት ቃል ነው ማለት ይሻላል። «ስላው» ካላችሁት ከለንደን በስተምዕራብ ያለች ከተማ ናት፣ ወይም ረግረግ። «ስላፍ» ካላችሁት እባብ ቆዳውን መግፈፉ ነው። «ስሉ» ካላችሁት አሜሪካ ውስጥ ረግረጋማ ወንዝ ዳር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ላፍበራ የምትባል ከተማም አለች። በስሟ ውስጥ አራቱ ፊደላት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። የመጀመሪያው «አፍ» ይላል፣ ሁለተኛው «አ» ብቻ። አንድ ስም፣ ሁለት ድምፅ። ባቡር ጣቢያ ላይ ስሟን ጮክ ብለው ሲጠሩ የማያውቅ ሰው ባቡሩ ሊያመልጠው ይችላል።

አየርላንድ ስትሄዱ ግን ሐይቅ «ሎኽ» ነው። አጻጻፉ ያው ኤል ከነአራቱ ፊደላት። ትልቁ ሐይቃቸው፣ ሎኽ ኔይ፣ 390 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጣና ጎን ትንሽ ነው። ቃሉን ያመጣው የአየርላንድ ቋንቋ ስለሆነ የጉሮሮው ድምፅ እዚያ አልሞተም። ጂ እና ኤች እንደ ጥንቱ ኽ ብለው ሲነገሩ መስማት የሚፈልግ ሰው አየርላንዳዊ ስለ ሐይቅ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ቆራርጬ በድምፅ መልእክት ላኩላት። በማግስቱ አዲስ ገጽ መጣ። ገጹን በአራት ከፍላዋለች፦ «ፍ»፣ «ዝም»፣ «ኦት»፣ «ሌላ»። ዶው «ዝም» ሥር ነው። ኢናፍ «ፍ» ሥር ነው። ድራውት «ሌላ» ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ እኔ ያልነገርኳት ሁለት ቃል አለ፣ አሁን በኤ የሚጀምረውን ጅራት፣ ኤ-ዩ-ጂ-ኤች ብላ ጀምራለች። «ላፍተር — ሳቅ» ይላል። ከሥሩ «ዶተር — ሴት ልጅ»። ከጎናቸው ያው ቀይ እስክሪብቶ፦ «ይኸኛው ፍ ሆኗል፣ ይኸኛው ዝም ብሏል። ገባኝ።»